ባለ አስር ሺው ፊልትሮ

ፓንቴሌ የሚኒባስ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከፍሎሬሽት ከተማ ወጣ ብሎ እዚያው ግቢው ውስጥ ነው፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ የዛገ መደርደሪያ። ሚስቱ ዚናይዳ ጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ፣ የሰው አሮጊት ልትጦር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ስልክም አሠሪዋ አትፈቅድም። እኛ አገር ሚስቱ ያልሄደችበት ወንድ ካለ፣ ወይ ዕድለኛ ነው ወይ አላገባም።

ባልና ሚስቱን የሚያገናኛቸው የኢላሪዮን ሚኒባስ ነው። ኢላሪዮን ቤልጺ ይኖራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ፓዶቫ ደርሶ መልስ እዚያ ሥራ የሄዱትን ሴቶች እሽግ ያመላልሳል። ውላቸው ቀላል ነው። ፓንቴሌ ዘይትና የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ ሲቀይርለት የጉልበት አይቀበልም፤ ኢላሪዮን የዚናይዳን እሽግ ሲያመጣ የጭነት አይጠይቅም። ዘይቱ የሚቀየረው በየአስር ሺ ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ይኸውም በየአምስት ሳምንቱ፤ እሽጉም የሚደርሰው ያኔ ነው። ፓንቴሌ ወሩንም ዓመቱንም የሚቆጥረው በዚያ ነው።

የዚያን ቀን ኢላሪዮን እሽጉን ወንበር ላይ አኖረና ከጃኬቱ ሌላ ካርቶን አወጣ። ፊልትሮ ነው፤ ከተለመደው ከበድ ያለ፣ ባለ ሠላሳ ሺ።

ፓንቴሌ በዕድሜ ታላቁ ስለሆነ ኢላሪዮን ባዴ፣ ጋሼ እንደማለት፣ ይለዋል። “ባዴ፣ ዛሬ ይቺን እሰርልኝ። ዘይቱንም የሚስማማትን ገዝቻለሁ። ሁልጊዜ እየመጣሁ ከማስቸግርህ ብዬ ነው።”

ፓንቴሌ ካርቶኑን አገላብጦ አየው። ሠላሳ ሺ ማለት አሥራ አምስት ሳምንት ነው። ሦስት ወር ተኩል።

“እኔ መች ቸገረኝ አልኩ?”

“አላልክም። ሰው ረጅሙንም ይለምደዋል ብዬ ነው እንጂ።” ይህን ሲል ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

ፓንቴሌ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ፤ ጥቁሩ ዘይት መውረድ ጀመረ። ጥርጣሬ ከያዘው ከርሟል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ የዚናይዳ ደብዳቤ ቆመ። እጇን አሟታል፣ መጻፍ አልቻለችም፣ ሰላም በልልኝ ብላለች ይላል ኢላሪዮን። እሺ፣ እጇን ይማርላት። ድሮ ከአሮጌ ሹራብ በተተረተረ ቀይ ክር የምታስረው እሽግ አሁን በፕላስተር ተጠርንፎ ይመጣል። ይህንንም እሺ። የምትልክለት ሳሙና ግን ሽታው የኢላሪዮን ሽታ ነው። ካልሲውማ ጉድ ነው። የፓንቴሌ እግር ትንሽ ናት፣ አርባ ቁጥር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ካልሲውን ያጠበች ሚስት ይህን አትስትም። የሚመጣው ግን አርባ አራት ነው፤ የካልሲው ተረከዝ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይወጣል።

ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሰው ከሰው የሚያየው ጫማውን ብቻ ነው። ኢላሪዮን ከላይ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። ሶሉ ላይ አርባ አራት የሚል ቁጥር ተቀርጿል።

የፓንቴሌ ደም ፈላ። ለሁለት ወንድ ካልሲ የምትገዛ ሴት ቁጥር ይምታታባታል ብሎ ደመደመ። ሰውየው ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃተው፣ አሁን ደግሞ በሦስት ወር አንዴ ልምጣ የሚለው፣ ለሌላ ለምን ይሆናል?

ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ባለ ሠላሳ ሺውን ለኢላሪዮን መለሰና ከመደርደሪያው ባለ አስር ሺውን አነሳ።

“ይኸን ነው የማስርልህ።”

“ባዴ፣ ያኛው ይሻላል። ለሞተሩም፣ ላንተም።”

“ለኔ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ። ስማ፣ የኔ እግር አርባ ነው፤ አርባ አራት አይደለም። ያንተን እግር ማን እንደሚያሞቀው አልጠይቅህም። ግን በየአምስት ሳምንቱ እዚህ እየመጣህ ፊቴን ታያለህ። እሷ እስክትመለስ ድረስ።”

የኢላሪዮን ፊት አመድ መሰለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ፓንቴሌም ጠበቀው። በመጨረሻ ኢላሪዮን “እሺ” ብቻ አለ። ጥፋተኛ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

ፓንቴሌ ቂም ቢይዝም ሥራ አያበላሽም። የፊልትሮውን የላስቲክ ጎሚኒ በጣቱ ዘይት ቀባ፣ ፊልትሮውን በእጁ አጠበቀ፣ ቀኑን ጻፈበት። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ አንድ ሰማያዊ የሴት ሹራብ ይዞ ወጣ።

“ብርድ ገብቷል፣ ስጣት። ቁልፎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጠመሙ ብላ እንዳትስቅብኝ። ክፍሉንም ቀለም ቀብቶታል በላት።”

ኢላሪዮን በሁለት እጁ ተቀበለው።

ሚኒባሱ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ፓንቴሌ ደጅ ቆሞ አየ። ቅናቱ እንዳለ ነው፤ ሆኖም ትንሽ ቀለል ብሎታል። ክፉም ይሁን ደግ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ የዚናይዳ ወሬ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን ኢላሪዮን ፓዶቫ ደረሰ። ሴቶቹ ከመኪና ማቆሚያው እሽግ እሽጋቸውን ወስደው ተበተኑ። እሱም መንገዱን ተሻግሮ ሁልጊዜ ወደሚገባበት ሱቅ ገባ፤ ሳሙና፣ ፎጣና ቸኮሌት መረጠ። ካልሲው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ አርባ አራት አነሳ። ከዚያ መለሰውና አርባ ቁጥር ወሰደ።

ሹራቡን ከመቀመጫው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ፓንቴሌ በሁለት ዓመት ከላካቸው ዕቃዎች ጋር፣ ከዚናይዳ የሞት ምስክር ወረቀት በላይ አጥፎ አስቀመጠው።