የገበያውን ሽንት ቤት ማን አጠበው?

«ከአንቺ ሌላ ሽንት ቤት የሚያጥብ ማን አለ?»

ሊቀመንበር ቴክናት እንዲህ ሲላት ሳኑማያ ቀና አላለችም... የሳሪዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች።

እዚህ ኔፓል፣ የቀበሌያችን ምክር ቤት ሕዝብ የሚያስገባበት ቀን ነበር። እኛ የገበያ ሴቶች በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። እኔ ክርና መርፌ ነው የምሸጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ግብር በደንብ አልገባም ተባለና የገበያው የሴቶች ሽንት ቤት ጽዳት ከበጀት ወጣ። አጽጂዋ ሳኑማያ ተሰናበተች። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ።

ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ ጠዋት ስንደርስ በሩ ክፍት ነው።

ማን ከፈተው ብለን አልጠየቅንም። ገብተን ወጣን፣ ዝም አልን።

ጨርቅ ነጋዴው ቢሽኑ ተነሳ።

«ጥበቃ ይቀጠር። በገበያ ቀን ፖሊስም ይቁምበት። ለደሞዙ የሴቶቹ የመደብ ግብር ከፍ ይበል።»

ጎመን ሻጯ ኮፒላ አላስጨረሰችውም።

«ሽንት ቤት እንዳንገባ የሚጠብቀንን ሰው ደሞዝ እኛው እንክፈል?»

«ሥርዓት ነው እንግዲህ፣ እህቴ።»

«አንተማ ቤትህ ከሱቅህ ጀርባ ነው... ሥርዓቱን እዚያው ትጨርሳለህ።»

ሳቅ ሆነ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና ፖሊሱን ጠየቀ።

ሃምሳ አለቃ ጋጄንድራ ወረቀቱን ገለጠ።

«ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፣ በቁልፍ ነው የተከፈተው። የጠፋ ነገር የለም። እንዲያውም... ማታ ማታ ወለሉ ታጥቦ፣ ኖራ ተነስንሶበት፣ ተመልሶ ተቆልፎ ነው የምናገኘው።»

ሁሉም ዞሮ ሳኑማያን አየ።

በአገራችን ሰውን በትውልዱ ንጹሕና ርኩስ ብሎ የሚለየው ሕግ ከቀረ ቆይቷል... ልማዱ ግን አልቀረም። ሽንት ቤት የሚያጥብ ወገን የታወቀ ነው። ከዚያ ወገን ያልሆነ ሰው መጥረጊያውን እንኳ አይነካም። በገበያችን ከዚያ ወገን ያለችው ሳኑማያ ብቻ ናት።

እኔም... ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና... እሷ ናት ብዬ ነበር።

«ቁልፉን ፈርሜ አስረክቤያለሁ፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ።

«አስቀርጸሽ ነዋ ያስረከብሽው። ነው ወይስ ወለሉ ራሱን አጠበ?»

«ኖራ መግዣ ቢኖረኝ ለልጆቼ ሩዝ እገዛ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይዘዋት ይሂዱ። የምትኖርበትን የቀበሌ ቤትም ትልቀቅ።»

ሦስት ልጆች አሏት። የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ...

«ቴኬ፣ አንዴ ቆይ።»

ሊቀመንበሩን ቴኬ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቱ፣ እማማ ሂራ።

ካህናት ከሚወጡበት ቤት የተወለዱ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ ሳይታጠቡና ሳይጸልዩ እሳት የማይነኩ ሴት ናቸው።

በዝግታ ወደ ፊት ሄዱ። መቀነታቸውን ፈቱ። ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የሽንት ቤቱ ሌላኛው ቁልፍ ቤታችን ሚስማር ላይ ነበር የተሰቀለው። ሦስት ወር እንደጠፋ አላየህም።»

«እማ... ማን... አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔ ነኝ።»

አንዱ የምክር ቤት አባል ወንበሩን ከሳቸው ፈቀቅ አደረገ። አዩት።

«ራቅ በል ልጄ፣ አልቀየምህም» አሉት። «ትናንት ቤታችን የበላኸው፣ በዚህ እጄ የሠራሁት ምሳ ግን ሆድህ ውስጥ ነው።»



ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አባትህ ሲሞት እዚያ ገበያ ጎመን እሸጥ ነበር። አንተ ጡቴ ላይ ነህ። የምገባበት ስላልነበረ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አልቀምስም... ወተቴ ደረቀ። ያለቀስከው ሁሉ በረሃብ ነበር።»

ቴክናት ወረቀቱን አየ።

«እነዚህም ጠምቷቸው እንዳይውሉ ብዬ ነው። አላፈርኩም ብል ዋሸሁ... አፍሬ ነው በጨለማ የማጥበው። ሃምሳ አለቃ፣ መወሰድ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ ወለል ማጠብ የሚከለክል ሕግ እኔ አላውቅም።»

እማማ ሂራ ሳኑማያ አጠገብ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ነገሩ በስምሽ እስኪዞር ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ... ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ ይዘሻል?»

ሳኑማያ ጠርሙሷን ይዛ ቀረች። ከእጇ ውሃ ተቀብሎ የጠጣ ሰው አይተን አናውቅም።

እማማ ሂራ ራሳቸው ከእጇ ወሰዱና ጠጡ። እስኪበቃቸው ጠጡ።

የመደብ ግብሩ አልጨመረም። የጽዳቱ በጀት ተመለሰ፣ ሳኑማያም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ለሳኑማያ በእጁ ሰጣት... ከጠርሙሷ ግን አልጠጣም። እንደዚያም ሆኖ ከነበረበት ትንሽ ፈቀቅ ብሏል፣ የቀረውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

ወገኖቼ፣ እኔ የተማርኩት ይሄን ነው...

የምንንቀውን ሥራ የሠራ ሰው ስንፈልግ ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደናቅነው ሰው ነው። ሳኑማያን ሊያስወጣት የነበረው ሊቀመንበሩ ብቻ አይደለም። ምንጣፉ ላይ ዝም ብለን የተቀመጥነውም ነን።

እናንተስ... «ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ የጠረጠራችሁት፣ በኋላ ግን ንጹሕ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ? ይቅርታ ጠየቃችሁት?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።