ማግኔት፣ ጨርቅ፣ በረዶ

ሐሊና ማግኔቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ብሩ መስቀል ታስጠጋለች፤ አይስበውም። ገልብጣ በጀርባው በኩል ትሞክራለች፤ አሁንም አይስበውም። ማግኔቱ ከቤቷ ፍሪጅ በር ላይ የነቀለችው፣ ቀጭኔ የተሳለበት ነው። ቀጭኔውም እንደ እሷ ያፈረ ይመስላል።

የቤቱም የጌጦቹም ባለቤት ውባንቺ ፈገግ ብላ፣ እውነተኛ ብር ማግኔት እንደማይስበው ትነግራታለች። ሐሊና ግን ይህን ታውቃለች። ሰሞኑን ስለ ብር ጌጥ ስልኳ ላይ ያላየችው ቪዲዮ የለም። ጀርባው ላይ 925 የሚል ማኅተም ይኖረዋል፣ በነጭ ጨርቅ ሲታሽ ጥቁር ይለቃል፣ እጅ ላይ የመዳብ ሽታ አይተውም፤ ሁሉንም አጥንታ ነው የመጣችው። የእሑዱ ክርስትና ጥሩ ሰበብ ሆኗታል፤ የክርስትና ልጄ አንገት ላይ ፎርጅድ አይንጠለጠልም ብላለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሐሳቧ ሌላ ነው። ውባንቺን ስታጭበረብር እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ነው።

ለወራት ይህ ስም ከባሏ ከዓለምሰገድ አፍ አልጠፋም። ውባንቺ ከአዲስ አበባ የምታመጣው ጌጥ ልዩ ነው፤ ውባንቺ እጇ ንጹሕ ነው፤ ውባንቺ ሰው አታታልልም። እሷ ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለው ምግብ ቤታቸው ለምሳ የምትመጣ ቀን እሱ ሽቶ ይቀባል። ሐሊና ትቀናለች፤ ይህን ቢያንስ ከራሷ አትደብቅም። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ሲባል ነው ሰምታ ያደገችው። አንድ ፎርጅድ መስቀል ብታገኝ የዚህች ሴት ስም ከቤቷ ይወጣላታል።

ዓለምሰገድ ከሶፋው ዳር ቁጭ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል። ውባንቺ የምትኖርበት ሰፈር፣ ሳውዝ ሲ፣ ከገቡ በኋላ መንገዱ ጠፋኝ ብሎ ሲዞር ቆይቷል። የግቢውን ዘበኛ፣ አስካሪውንም፣ ውባንቺ የምትባል ኢትዮጵያዊት ስንተኛ ፎቅ እንደምትኖር ጠይቆታል። ከገቡም ጀምሮ ውባንቺን አንቱ ነው የሚላት፤ ደህና ነዎት፣ አይቸገሩ። ሐሊና ይህን ስትሰማ ልቧ ትንሽ ተንፈስ ብሏል። ሰው ገብቶ የወጣበትን ቤት አስካሪ አይጠይቅም።

ነጩን ጨርቅ ታወጣለች። መስቀሉን ታሽበታለች፤ ጨርቁ ይጠቁራል። ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፤ ምንም አይሸትም። ማኅተሙን በስልኳ መብራት ትፈልጋለች፤ አለ። ውባንቺ አትቆጣም። እንዲያውም ሌሎቹን ጌጦች እያነሣች ታቀብላታለች።

"ፈትኚ፣ ሐሊንዬ። መጽሐፉም ሁሉን ፈትኑ ነው የሚለው።"

ይህ ትሕትናዋ ሐሊናን ከምንም በላይ ያበግናታል። ቆንጆ መሆኗ አንሶ ጨዋም ናት።

እልህ ይይዛትና በረዶ ይምጣልኝ ትላለች። እውነተኛ ብር ላይ በረዶ ሲያስቀምጡበት ቶሎ ይቀልጣል፤ የቀረው ፈተና እሱ ነው። ውባንቺ ልትነሣ ስትል ዓለምሰገድ ይቀድማታል። ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ ይላል። ኮሪደሩ ላይ የተዘጉ በሮች ተደርድረዋል። እሱ በቀጥታ ሄዶ የመጨረሻውን ይከፍታል፤ ወጥ ቤቱ ነው። ሐሊና ይህንንም ታልፈዋለች። ወጥ ቤት ከሽንኩርቱ ሽታ ይታወቃል ትላለች ለራሷ።

ፍሪጁ ሲከፈት ይሰማል። የቁም ሣጥን በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሌላው ይከፈታል። ከዚያ የዓለምሰገድ ድምፅ ይመጣል፤ ሳይጮኽ፣ ሐሳቡ ሥራው ላይ እንደሆነ ሰው።

"ያቺን ትንሿን ሳህን የት አዛወርሻት?"

የውባንቺ እጅ ጌጦቹ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ይቀላል።

ሐሊና ቃሉን በልቧ ትደግመዋለች። አዛወርሻት። ሳህን የት አለ አላለም። የት አዛወሯት እንኳ አላለም። ሳህኗ የነበረችበትን ቦታ ያውቃል፤ እጁን ሰድዶ ነው ያጣት። አንቱታው ደግሞ ለካ የሳሎን ኖሯል።

ዓለምሰገድ ቆይቶ ሲመለስ በረዶውን በሻይ ብርጭቆ ይዟል። ይኸው ይላል፤ ለማን እንደሚል አይለይም። ቁጭም አይልም።

ሐሊና መስቀሉን መዳፏ ላይ፣ በረዶውን መስቀሉ ላይ ታስቀምጣለች። ሦስቱም ያዩታል። በረዶው ፈጥኖ ያንሳል፤ ጠርዙ ይሟሟል፣ ውሃው በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ብርዱ ከመስቀሉ አልፎ መዳፏን ያቃጥላታል፤ እሷ ግን አትጥለውም።

"እውነተኛ ነው" ትላለች ውባንቺ።

"አዎ" ትላለች ሐሊና ባሏን እያየች። "አሁን አመንኩ።"

በረዶው አልቋል። ውሃው ከእጇ ወደ ጠረጴዛው፣ ቀጭኔው ላይ ይንጠባጠባል። ነጩ ጨርቅ እዚያው ጭኗ ላይ ነው፤ የሚጠርግ ግን የለም።