ሮቦት እምቢ አይልም

«ወደ ፊት ሁለት እርምጃ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ካርቶኑ ሁለት እርምጃ ተራመደና ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመ። ከውስጥ ያለችው ጣይባ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል አንደኛ። የዱቄት ወተት ካርቶን ከአናቷ እስከ ጉልበቷ ውጧታል። የሚታዩት ሁለት ቀጫጭን እግሮቿና በምላጭ ከተበሱት ቀዳዳዎች የሚቁለጨለጩ ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ።

መምህር እንየው በደስታ ሊሞት ነው። በስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ሰባ ሁለት ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠው አይቶ አያውቅም። ስለ ሮቦት አንድ የሩሲያ መጽሔት ላይ አንብቦ፣ «ይህንን ለነዚህ ልጆች ካልነገርኩማ ምኑን አስተማሪ ሆንኩት!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ነበር የከረመው። ካርቶኑንም ከሰኞ ገበያ ባለሱቆች ለምኖ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱው ነው። ምነው እግሩን በሰበረው!

«ሮቦት፣ ነገ ይዘንባል?» አለች አንዷ።

«አላህ ያውቃል» አለ ካርቶኑ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንየውም አብሮ ሳቀ። «የለም፣ የለም! ሮቦት እንደዚያ አይልም። የሚያውቀውን ይናገራል፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። አይዋሽም፣ ነገር አያድበሰብስም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በሮቦት ድምፅ!»

«ገ-ባ-ኝ።»

ደምመላሽ የሚባለው ነገረኛ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ወደፊት የሚያስብ ሮቦት ይመጣል ብለውን የለ? ማሰብ ከቻለ እምቢ ማለትስ ይችላል?»

ጥያቄው ጥያቄ ነበር። ረጋ ብሎ የሚመልሰው ቢያገኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል። እንየው ግን ጨዋታው እንዳይበላሽበት ቸኮለ። «አይችልም። አእምሮውን የሠራለት ሰው ነው፤ ሰው ያስተማረውን ይማራል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። ሮቦት እምቢ አይልም። ጻፉ!»

ገና ጽፈው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። መንኳኳቱ እንኳ ለይሉኝታ ነው፤ ጓድ በላቸው ግቡ እስኪባል ጠብቆ አያውቅም። ካድሬ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ የስም ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ደሴ የማያውቀው የለም። ልጆቹ ብድግ ብለው ቆሙ።

«ቁጭ በሉ። ጣይባ ኑርሁሴን የምትባል እዚህ ነው የምትማረው?»

እንየው ምን ፈልጎ እንደመጣ ገባው። የጣይባ ወንድም ጀማሉዲን ምልመላውን ሸሽቶ ከተሰወረ ወር አልፎታል። ታላቃቸው ዘምቶ፣ ከሄደበት አልተመለሰም። እናትየው መርየም ባለፈው ሳምንት እዚሁ በር ላይ ቆማ፣ «መምህር፣ የቀረኝ ወንድ እሱ ነው። ልጅቷን ሰው ከጠየቀሽ አላህ ያውቃል በይ፣ ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ ብያታለሁ። እርስዎም አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» ብላው ሄዳለች።

«ዛሬ አልመጣችም» አለ እንየው።

«ኧረ መጥታለች! ሮቦቱ ውስጥ ናት!» አሉ ልጆቹ። አሁን ምን ይባላሉ? አይዋሽም ብሎ ያስተማራቸው ራሱ አይደል!

በላቸው ዞሮ እንየውን አየው። ብዙም አላየውም፣ ግን በቂ ነበር። ከዚያ ፈገግ አለና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። «ሮቦት? እንዴት እንዴት ነው የሚሠራው?»

ልጆቹ እየተሻሙ አስረዱት። የጠየቁትን ይመልሳል። አይዋሽም። እምቢ አይልም።

«ግሩም ነው እኮ!» ካርቶኑ ፊት ቁጢጥ አለ። ድምፁን እንደ አጎት አለሰለሰው። «ሮቦት፣ ስምሽ ማነው?»

«ጣይባ። ኑር-ሁሴን።»

«ስምንት ሲባዛ በሁለት?»

«ዐሥራ-ስድስት።»

«ጎበዝ! ወንድምሽ ጀማሉዲን የት ነው ያለው?»

እንየው «በቃ!» ማለት ነበረበት። ሰዓቱ አልቋል፣ ልጅቷን ሽንት ይዟታል፣ የፈለገውን ቀባጥሮ ማስቆም ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ያቺ «አልመጣችም» ያላት ውሸት ገና አልተወራረደችም፤ በላቸው ሳይነሣ ቀና ብሎ አየት ቢያደርገው አፉን መልሶ ዘጋው። ፈራ። ሌላ ስም የለውም፣ ፈራ።

ከካርቶኑ ውስጥ «አላ...» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሮቦት እንደዚያ አይልም!» ብለው ጮኹ ልጆቹ እየሳቁ።

ዓይኖቿ በቀዳዳዎቹ እንየውን ፈለጉት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሐር-ቡ» አለ ካርቶኑ። «አክስቴ። ረሂማ። ቤት።»

«አጨብጭቡላት!» አለ በላቸው፤ ተነሥቶ የሱሪውን ጉልበት አራገፈ። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። እንየውም አጨበጨበ፤ እጁ መቼ እንደተነሣ እንኳ አላወቀም።

በላቸው የመጣበት መኪና ከግቢው ተነሥቶ ሄደ። እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሐርቡ ሩቅ አይደለም። እንየው አውቶቡስ ቢያገኝ እንኳ አይቀድመውም፤ ስልክ ረሂማ ቤት የለም። ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ካርቶኑን አነሣላት። ሻሿ ማጅራቷ ላይ ወርዷል፣ ፊቷ በላብ ርሷል። ልጆቹን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ እሱን።

«ጋሼ፣ የተናገረው ሮቦቱ ነው አይደል? እኔ አይደለሁም አይደል?»

እንየው ካርቶኑን እንዳቀፈ ቀረ። ከየወንበሩ እጆች ተቀሰሩ። «ጋሼ፣ እኔ! ጋሼ፣ እኔ ልመልስ!»