በፌስታል የታሰረው ሽቦ

የኤሌክትሪክ መምህሩ ሠልጣኞቹን፣ «ከየቤታችሁ መጥፎ ሥራ ፈልጋችሁ አምጡ፤ ከሰው ስህተት ተማሩ» ብሏቸው ነበር። ምንታምር በናስትሮ ፈንታ ፌስታል ተጠቅልሎበት በቀይ ክር የታሰረ የሽቦ ቅጥያ ይዛ መጣች። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ።

«የትኛው ቀሽም ነው የሠራው?» አላት።

«እኔ እንጃ ቲቸር፣ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ናስትሮ አልቆብኛል፣ ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ ብሎ ሄደ አሉ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ክረምት ገባ። ውሃ ገብቶበት ኤሌክትሪኩ አባዬን ያዘው፤ አልተረፈም። እናቴ ናት እስከዛሬ ያስቀመጠችው።»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ቅጥያውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። ክሩን አወቀው። ያን ቀን ማሰሪያ ቢያጣ ከገዛ ሹራቡ እጅጌ የመዘዘው ነበር።