የሚቸኩለው የአሸዋ ቁልል

የአሸዋ ለኪው ሥራ ከቁልሉ እግር እስከ ሰው በር ሜትር ዘርግቶ ርቀቱን መጻፍ ነው። በመመሪያው መሠረት ከመቶ ሜትር በላይ የራቀ ቤት በዓመት ሁለቴ ይጎበኛል፤ ከዚያ የቀረበ በየሳምንቱ።

ጡረተኛዋ ሹፌር ከከተማው ዳር ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ሠላሳ ዓመት የነዳችው አውቶቡስ ነው፤ መጋረጃ ሰቅላ፣ ምድጃ አስገብታ፣ ደጃፉ ላይ በጣሳ አበባ ተክላለታለች። በመጀመሪያው ጉብኝት ቁልሉ ከበሯ መቶ ሃያ ሜትር ይርቅ ነበር፤ ለኪውም የጉብኝቱን መመሪያ አስረድቷት ሄደ።

በሁለተኛው ዘጠና ሆነ። በሳምንቱ ሰማንያ አራት።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም" አላት ሻዩን ተቀብሎ። "ነፋሱ አሸዋውን በጀርባ በኩል ይገፋዋል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ በወዲህ በኩል ይናዳል። ቁልል የሚሄደው እንደዚያ ነው፤ እዚህ አገር ቢበዛ በዓመት አሥር ሜትር። የእርስዎ ግን ይሮጣል።"

"ወዶኝ ይሆናላ" አለች ብስኩቱን ወደ እሱ እያስጠጋች።

ለኪው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሰምቶ አያውቅም። አፍሮ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

የጠረጠረው ጎረቤቷን መካኒክ ነው። በመጣ ቁጥር ሰውየው እጁ በቅባት ጠቁሮ፣ አንዳንዴም አካፋ ይዞ ከግቢዋ ሲወጣ ያገኘዋል። መሬቷን ፈልጎ አሸዋ እየገፋባት ይሆን? ወይስ ራሷን ፈልጎ? ይሄኛው ሐሳብ የባሰ ከነከነው። ዱካ እንዳይፈልግ ደግሞ ነፋሱ ባንድ ሰዓት ሁሉን ይጠርጋል።

ሃምሳ ሁለት ሜትር ሲቀር እውነቱን ነገራት።

"ከሃምሳ ከወረደ ሌላ ከተማ ያሰፍሩዎታል። ወረቀቱን የምፈርመው ደግሞ እኔው ነኝ።"

"እንዴ፣ ይሄንን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንገጥ አለች።

ለኪው ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። በቀጠሮው ቀን በብርዳሙ ማለዳ መጥቶ ለካ። ስልሳ ሜትር። ደግሞ ለካ። ስልሳ።

በሃያ ዓመት ሥራው ወደ ኋላ የሄደ ቁልል አይቶ አያውቅም። ሜትሩን ሊጠቀልል ጎንበስ ሲል እጁን አውቶቡሱ አፍንጫ ላይ አሳረፈ።

ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር።