ያልተጠየቀ ውኃ

በዚያ ዘመን በፈጠራና በማኅበራዊ ለውጥ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው፣ ከፈጠረው ነገር ጋር በገዛ ቤቱ አንድ ዓመት ሳይኖር አይመረቅም ነበር። ውዳሴ ዓመቷን ጨርሳለች። "አዳማጭ" ያለችው መሣሪያዋ የቤተሰቡን ፍላጎት ከፊታቸው ላይ እያነበበ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት የሚያሻውን ያቀርባል። ሊፈትኗት የመጡት ዶክተር ገረመው ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠዋል። እሳቸው ካጸደቁት በከተማው ቤቶች ሁሉ ሊገጠም ነው።

"እስቲ ለትንሽ ጊዜ አጥፊው" አሏት።

አጠፋችው። የአራት ዓመት ልጇ ናርዶስ ከጓሮ እየሮጠች ገባችና ውኃ የሞላበት ጆግ ፊት ቆመች። ከንፈሯ ደርቋል። ጣሪያው ላይ የተገጠመውን አዳማጭ አየች፤ እናቷን አየች።

"ምን ፈለግሽ የኔ እናት?" አለች ውዳሴ።

ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ።

"ድሮም ዝምተኛ ናት?" ሲሉ ጠየቁ ዶክተሩ።

"ደክሟት ነው በያቸው" አለ ከውዳሴ አጠገብ ያለው ባሏ ደጀኔ በሹክሹክታ፣ ክንዷን ጨበጥ አድርጎ።

ውዳሴ ወደ ልጇ ተመለከተች። ስንት የለፋችበት ነገር በአንድ ቃል ሊያልቅ ነው።

"አይደለችም ዶክተር" አለች በመጨረሻ። "አምና ይህን ቤት በጥያቄ ታናውጠው ነበር። ይሄ ነገር ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን 'ስጪኝ' ብላኝ አታውቅም። እባክዎ አያጽድቁት።"

ደጀኔ ክንዷን ለቀቀ። ዶክተር ገረመው መነጽራቸውን አወለቁ።

ውዳሴ ውኃውን ቀዳችና ልጇ ፊት ተንበረከከች።

"ውኃ" አለቻት ቀስ ብላ። "ውኃ በይ።"

ናርዶስ የእናቷን አፍ ትኩር ብላ ታይ ጀመር።