የወይዘሮ አልታየሽ ደጅ

ወይዘሮ አልታየሽ እንግዳ ሲሄድባቸው ሆድ የሚብሳቸው ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለንደን፣ ዌምብሊ ያለው ቤታቸው ይሞላል። ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ይከፈታል። ልጁ ከተዳረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቪዲዮው ግን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይታያል።

ክፋቱ፣ ሙሽራው ገና ከእናቱ ቤት ሳይወጣ እንግዶቹ ሰዓት ማየት ይጀምራሉ። መንገዱ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ መኪና ማቆም አይቻልም። ከሁሉ የሚያዝነው ከስቶክዌል የሚመጣው ማኑሄ ነው።

«እትዬ አልታየሽ፣ ይሄ ፓርኪንግ ባያስቸግረን እኮ እናድር ነበር» ይላል ጫማውን እያሰረ።

ወይዘሮ አልታየሽ ነገሩን በልባቸው ያዙት። ከቤቱ ፊት ያለውን የአትክልት ቦታ በሲሚንቶ አስደፍነው ለሦስት መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ቆረጡ። መኪና እንዲያሻግር የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ዝቅ ይበልልኝ ብለው ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ አፕላይ አደረጉ፤ ካውንስሉም ፈቀደ።

ማኑሄ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ከአምስት ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ለመድፈን ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ አለዚያ ዝናቡ መንገዱን እንደሚያጥለቀልቀው ልክ እንደ ጠበቃ ዘርዝሮ አስረዳቸው። እንዲህ የሚያስብላቸው ሰው በመኖሩ ደስ አላቸውና አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለውም ደገሙት። ሲሚንቶውን ግን አልተዉም።

አጥር የሚጋሯቸው ሚስተር ፔሪ ጽጌረዳቸውን እየከረከሙ ሥራውን በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። አንድ ቀንማ ሜትር ይዘው አጥሩ ሥር ሲለኩ ታዩ። በማግስቱ የካውንስል ሰው መጥቶ ሥራውን አስቆመ። ጥቆማ ደርሶናል አለ፤ የጠቋሚውን ስም ግን አልናገርም አለ።

ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ወይዘሮ አልታየሽ ሚስተር ፔሪን ሰላም ማለት ተዉ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያቸውንም በሰውየው መስኮት በኩል አቆሙት። እሑድ ዕለት እንግዶቹ ሁሉ ሰውየውን ረገሙ። ማኑሄም ሰው እንዴት በጎረቤቱ ይጨክናል እያለ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወይዘሮ አልታየሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ ዝምታ አልለመድ ብሏቸዋል። ሚስተር ፔሪ በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩአቸውና ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ሰውየው በር አንኳኩ። ቦታውን ለክተው ንድፍ ሠርተዋል፤ ሲሚንቶው ተነስቶ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር ከተነጠፈ የሚጠየቅ ፈቃድ የለም። አካፋም አላቸው፣ ጊዜም አላቸው። ወይዘሮ አልታየሽ አፍረው ማጠራቀሚያውን ወደ ቦታው መለሱ።

የሚቀጥለው እሑድ ምሥራቹ ተነገረ። በሳምንቱ ጠጠሩ ይነጠፋል፤ ከእንግዲህ ማንም ስለ መኪናው አይሳቀቅም፤ ቪዲዮውም እስከ መልሱ ድረስ ሳይቋረጥ ይታያል። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አጨበጨቡ፤ ማኑሄ ቆሞ አጨበጨበ።

ሰኞ ጠዋት ማኑሄ ካውንስሉ ጋ ደወለ። «ስለ ሲሚንቶው የጠቆምኳችሁ እኔ ነኝ፤ ጠጠርስ የሚከለክል ሕግ የላችሁም?»